የጎረቤቴን ንብ ፈጅቼ ካሳውን እንዴት እንደቆጠርነው

በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ መስቀል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ በርበሬዬን መድኃኒት ረጨሁ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲሆን ጎረቤቴ ጓሮ ውስጥ፣ ከቀፎዎቹ ሥር፣ ንቡ እንደ ፈሰሰ ኑግ መሬቱን አጥቁሮት ነበር። ይህን የምጽፈው ሳያስቡት የሰው ንብረት አጥፍተው “ምን ያህል ብከፍል ነው ልክ የሚሆነው?” ብለው ለሚጨነቁ ነው። እኔ ያኔ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጥቼ ነበር።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። መምህር ነኝ። ከአባቴ በወረስኩት አንድ ጥማድ መሬት ላይ ደግሞ በየክረምቱ በርበሬ እተክላለሁ። ጎረቤቴን ጋሼ ነው የምላቸው፤ የአባቴ ማኅበርተኛ ናቸው። አባቴ ካረፈ ወዲህ በእሱ ቦታ ማኅበሩን የገባሁት እኔ ስለሆንኩ በየወሩ ከአንድ ጽዋ እንጠጣለን። ስምንት ቀፎ ነበራቸው፦ አምስቱ በእበት የተለሰኑ ባህላዊ ቀፎዎች፣ ሦስቱ ዘመናዊ። ከበርበሬዬ እስከ ጓሯቸው 200 ሜትር ቢሆን ነው።

የዚያን ዓመት በርበሬውን ፍሬ የሚበሳ ትል ገባበትና ማላታዮን ገዛሁ። መድኃኒቱ ለንብ መርዝ መሆኑን ዕቃው ላይ የተጻፈውን ባነብ ኖሮ አውቀው ነበር፤ አላነበብኩም። በርበሬው አበባ ላይ ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ወሰኑ ላይ የበቀለው፣ መች የሚባለው ቢጫ አበባ ነው። በመስከረም ጎጃምን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ ብቻ አይደለም፣ መችም ነው፤ ንብ ደግሞ መች ላይ ስትሰፍር ሌላ አበባ አታይም። መርጫውን አዝዬ ወሰን ለወሰን ስሄድ ንቦቹ በጆሮዬ ሥር ጥዝዝ ሲሉ እሰማ ነበር። ፀሐይዋ ሞቅ ያለች፣ ንቡ ሁሉ ለቀሰም የወጣበት ሰዓት ነበር። ከዚያ የከፋ ሰዓት ብፈልግም አላገኝም ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ላይ አንዷን አየኋት። አንስቼ መዳፌ ላይ አደረግኋት። ምላሷ እንደ ቀይ ክር ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ክንፏ ይንቀጠቀጣል፤ በጀርባዋ ተንጋልላ አንድ ቦታ ላይ ትሽከረከራለች። ትንሽ ቆይታ ቀጥ አለች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ደግ አልነበረም። በዚያ ሳምንት መድኃኒት የረጨሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ከወንዙ ማዶም ሁለት ሰዎች ረጭተዋል። ዝም ብል ማን ያውቃል? ነገር ግን ንቧ እጄ ላይ ሞታለች፤ ከየት እንደመጣች እኔ አውቃለሁ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ።

ጋሼ ከቀፎው ሥር ቁጢጥ ብለው የወደቀውን ንብ በዶሮ ላባ እየገፉ ሰፌድ ላይ ይሰበስቡ ነበር።

“ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት በርበሬውን የረጨሁት እኔ ነኝ። ይኸው መድኃኒቱ።”

ቀና ብለው አዩኝ፤ ጠርሙሱንም አዩት። ብዙ ዝም አሉ።

“ሳታውቅ ነው ልጄ። ተወው። እግዜር ያመጣው ነው።”

ጠርሙሱን ይዤ መሄዴ ካሰብኩት በላይ ጠቀመ። ጋሼ ንቡ ከሞተባቸው ቀፎዎች ማር አውጥተው ጠጅ ሊጥሉበት አስበው ኖሯል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋን ጠራናት፤ መድኃኒቱን አይታ ከሞቱት ቀፎዎች ማሩም ሰፈፉም እንዳይበላ፣ ለሌላ ንብም እንዳይሰጥ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲቀበር ነገረችን። እኔ ሦስት ቀን ብደበቅ ኖሮ ያ ማር ሰው ሊጎዳ ይችል ነበር። ስለዚህ ምክር ከምሰጥ የመጀመሪያው ይኸው ነው፦ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ጉዳቱን ያደረሰውን ነገርም ይዛችሁ ሂዱ። የተጎዳው ሰው የተረፈውን ለማዳን የሚችለው ምን እንደደረሰበት ሲያውቅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ “ተወው” ወደሚለው ቃል።

ወንድሜ “እሳቸው ተወው ካሉ ምን አስጨነቀህ?” አለኝ። ባለቤቴም “ሆን ብለህ አላደረግኸውም፤ ሰው ሁሉ ያውቃል” አለች። ሁለቱም ለእኔ አዝነው ነው። እኔ ግን ጋሼን አውቃቸዋለሁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው፣ ያውም የማኅበርተኛው ልጅ ፊቱ ቆሞ፣ “ይህን ያህል ክፈለኝ” ብሎ አይጀምርም። ይሉኝታ አለ። “ተወው” ያሉት ጥፋቴን ይቅር ለማለት ነው፤ ጉዳቱ አልደረሰብኝም ማለታቸው አይደለም። የኅዳር ማር የጋሼ የዓመት ብር ነው፤ የልጃቸው የደብረ ማርቆስ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከእሱ ነው። “ተወው”ን እንደ ደረሰኝ ቆጥሬ ብቀበል እሳቸው ሆድ ይፍጀው ብለው ይኖራሉ፤ እኔም በየወሩ ጽዋው ፊት ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ተመልሼ “ጋሼ፣ ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ ካሳውን ግን ሽማግሌ ይቁጠረው። ሽማግሌዎቹን እርስዎ ይምረጡ፤ አንደኛው ግን ንብ የሚያውቅ ይሁን” አልኳቸው። እምቢ ሊሉ ጀመሩና ትተው “እሺ፣ እንዳልክ” አሉ። ሦስት ሰዎች ተመረጡ፦ አንደኛው አርባ ዓመት ንብ ያነቡ አባት፣ አንደኛው እንደ እኔ በርበሬ አብቃይ፣ ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ።

የመጀመሪያውን ቀን ከቀፎው ሥር የወደቀውን አይቶ ሊቆጥር የፈለገ ነበር። ያ ሽማግሌ ንበኛ ግን “አሁን ምንም አትቁጠሩ” አሉን። ምክንያታቸው ይህ ነው፦ ዛሬ የሞተው ለቀሰም የወጣው ንብ ነው። ውስጥ ያለው እጭ ገና የሚመግበው ያጣል ወይም የተመረዘ ጽጌ (የአበባ ዱቄት) ይበላል። አንዲት ሠራተኛ ንብ ከዕንቁላል ተነሥታ ንብ እስክትሆን 21 ቀን ይፈጅባታል፤ አውራዋ ካለች በሦስት ሳምንት ውስጥ አዲስ ንብ ወጥቶ ቀፎው ያገግማል፣ ካልሆነም ጭራሹን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በመካከል ለደከሙት ቀፎዎች ስኳር በውኃ በጥብጠን ሰጠን፤ ስኳሩን እኔ ገዛሁ። የንቡ መግቢያ እንዲጠብም ተደረገ፤ ደካማ ቀፎ ጉንዳን አይችልምና።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ስንከፍታቸው ነገሩ ለየ። ከባህላዊዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዱ ኮብልሎ ቀፎው ባዶ ነው፤ አንዱ ደክሟል፤ አንዱ ደኅና ነው። ከዘመናዊዎቹ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ደክሟል፣ አንዱ ደኅና ነው። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በመጀመሪያው ቀን ገምተን ቢሆን ኖሮ፣ ከደከሙት አንዱን “ሞቷል” ብዬ ከፍዬ፣ የኮበለለውን “ደኅና ነው” ብለን አልፈነው ነበር።

ኮብላዩ ላይ ክርክር ተነሣ። በርበሬ አብቃዩ “ንብ በራሱም ይኮበልላል፤ ምን ማስረጃ አለ?” አሉ። ንበኛው ሽማግሌ ደግሞ በአበባ ጊዜ የጠገበ ንብ በከንቱ እንደማይሄድ ተናገሩ። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመጨረሻ መሪጌታው “ያልታወቀውን ለሁለት እንክፈለው” አሉና ለኮበለለው ግማሽ ተወሰነ። ይህን ብልሃት ብዙ ቦታ ሲረዳ አይቻለሁ፤ አንዱ ነገር አጠራጣሪ ሆነ ተብሎ ጠቅላላው ስምምነት መፍረስ የለበትም።

ቀጥሎ ማሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ካሳ የሚዛባው። “ከአንድ ቀፎ ምን ያህል ታወጡ ነበር?” ተብሎ ሲጠየቅ ባለንብረቱ የተሻለውን ዓመት ያስታውሳል፤ ከፋዩ የከፋውን ዓመት ያነሣል። የኛ ሽማግሌዎች ሁለቱንም አልሰሙም። “ኅዳር ይምጣና የተረፈው ይናገር” አሉ።

ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ሚዛን ይዘን ወጣን። የጋሼ ደኅናው ባህላዊ ቀፎ 7 ኪሎ ሰጠ። አንድ ቀፎ ብቻውን ምስክር አይሆንም ተብሎ ማዶ ካለ ንበኛ ሁለት ባህላዊ ቀፎዎች ተመዘኑ፦ 6 እና 8 ኪሎ። አማካዩ 7። ዘመናዊው የጋሼ 17፣ የሌላ ሰው ሁለት ደግሞ 14 እና 20፤ አማካዩ 17። መርዝ ያልነካው ንብ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው አበባ፣ የሰጠው ይህ ነው። ዓመቱ ክፉ ቢሆን ኖሮ እኔ ያነሰ እከፍላለሁ፤ ደግ ቢሆን ደግሞ ጋሼ የደጉን ዓመት ማር አያጡም።

ሂሳቡ እንዲህ ወጣ። ሁለቱ የሞቱ ባህላዊዎች 14 ኪሎ። የኮበለለው ግማሽ 3 ኪሎ ተኩል። የደከመው ባህላዊ 3 ኪሎ ስለሰጠ የጎደለው 4። የሞተው ዘመናዊ 17። የደከመው ዘመናዊ 8 ስለሰጠ የጎደለው 9። ድምሩ 47 ኪሎ ተኩል። ግማሿን ኪሎ እኔ ሞላሁና 48 ተባለ።

ንቡን መተካት ደግሞ ለብቻው ነው፦ ሦስት የሞቱ፣ አንድ ግማሽ። እዚህ ጋ ወንድሜ “ማሩንም ንቡንም? ሁለቴ ማስከፈል አይደለም ወይ?” ብሎ ተቆጣ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ የሽማግሌዎቹን መልስ ልንገራችሁ። የሰው ጥገት ላም ገድለህ በሚቀጥለው ዓመት ላም ብትገዛለት፣ የዚህን ዓመት ወተት አሁንም አጥቷል። ስለዚህ ሁለቱም ይከፈላል። ነገር ግን በጥቅምት ማር የሞላ ቀፎ ከነንቡ ገዝቼ ተክቼ ቢሆን ኖሮ፣ የቀፎው ዋጋ ማሩን ጨምሮ ስለሚሆን፣ ማሩን እንደገና መክፈል አይገባኝም ነበር። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ያደርሳሉ፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግን አንዱን ወገን ይበድላል። ጋሼ በአበባ መካከል የተጓዘ ንብ አይረጋም ብለው ከማር ቆረጣ በኋላ እንዲተካ ስለመረጡ፣ እኛ ማሩን ለብቻ ንቡን ለብቻ ቆጠርን።

ያልከፈልኩትም አለ። ቀፎዎቹ አልተሰበሩም፤ ሣጥኑም እንጨቱም እንዳለ ነው፤ ስለዚህ የቀፎ ዋጋ አልተቆጠረብኝም። ከሞተው ዘመናዊ ቀፎ አሥሩ ፍሬም (ንቡ ሰሙን የሚሠራበት የእንጨት ክፈፍ) ተፍቆ ሰሙ ስለተቀበረ ግን የአሥር ፍሬም ሰም ከፍያለሁ። ጋሼ ለመቆፈርና ለማጽዳት ያጠፉትን ሁለት ቀን ሽማግሌዎቹ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ቆጠሩት። እሳቸው “ይህስ ይቅር” አሉ፤ መሪጌታው ግን አልቀበል ብለው ጻፉት። በኋላ ሳስበው ያቺ የሁለት ቀን ጉልበት መጻፏ ጋሼን ከብሩ ይልቅ ያስደሰተች ይመስለኛል። ድካማቸው ታየላቸው።

ክፍያውን በብር አልተዋዋልንም፤ በኪሎ ተዋዋልን። ብር ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። ጋሼ በየዓመቱ ከማራቸው ግማሹን በኅዳር ይሸጣሉ፤ ግማሹን ለጥር ያቆዩታል፤ ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ለጠጅ ማር ይፈለጋል። እኔም ብር የማገኘው በርበሬው ደርቆ ሲሸጥ፣ ጥር ላይ ነው። ስለዚህ 24 ኪሎውን በኅዳር፣ 24 ኪሎውን በጥር፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ያልተጣራ ማር በዕለቱ በሚሸጥበት ዋጋ እንድከፍል ተስማማን። ለእሳቸው ንቡ ሳይሞት ያገኙት የነበረውን ያህል ሆነ፤ ለእኔም መክፈል ቻልኩ። የምትከፍሉት ከአቅማችሁ በላይ ሆኖ ከታያችሁ መጠኑን አሳንሱልኝ ብላችሁ አትለምኑ። ጊዜ ስጡኝ በሉ። ጉዳቱ በናንተ አቅም አልተለካም።

አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን፦ የደረሰውን፣ የስንት ቀፎ መሆኑን፣ ኪሎውን፣ የሚተካውን ንብ፣ ቀኑን፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ነገር ማንም ማንንም እንደማይጠይቅ። ሁለት ቅጂ፤ ሁለታችንም ሦስቱም ሽማግሌዎች ፈረምን። በዘመድ መካከል ወረቀት ነውር የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ከወረቀቱ በኋላ ነው በሰላም የተኛሁት። ጋሼ ቢያርፉ ልጃቸው፣ እኔ ባርፍ ልጄ፣ የሰማውን ሳይሆን የተጻፈውን ያገኛል።

ሕጉንም ልጥቀስ፤ ሽማግሌ የሚሠራው ሥራ ከሕጉ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል፤ አይበልጥም፣ አያንስም። በቁጥር 2143 ደግሞ ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ይህን ሁለተኛውን የተጎዳችሁ ወገኖች በደንብ ያዙት፤ “ይሉኝታ ይዞኝ ነው” ብላችሁ ዓመታት ስታሳልፉ መብታችሁ ሊያልፍ ይችላል። ከብት ላላችሁ ደግሞ ቁጥር 2071 አለ፦ ከብቱ ሳታውቁት አምልጦ ያጠፋውም ቢሆን የባለቤቱ ዕዳ ነው።

የከብቱን ነገር ያነሣሁት የአጎቴ በሬዎች በሌላ ዓመት የሰው ጤፍ ውስጥ ገብተው ስለነበር ነው። ያኔም ይህንኑ መንገድ ተጠቀምንበት። አዝመራው ለጋ ሳለ አልገመትንም፤ የተረገጠ ጤፍ አንዳንዴ መልሶ ይነሣል። የተበላውን ቦታ በችካል ከለልነው። ሲታጨድ የተከለለው ለብቻ ተወቃ፤ ከጎኑ ያልተነካ እኩል ስፋት ያለው መሬትም ለብቻ ተወቃ፤ ልዩነቱ ተከፈለ። ገለባውም ተቆጠረ፤ የጤፍ ጭድ ለከብት መኖ ለቤት ምርጊት ስለሚሆን ዋጋ አለው፤ ሰው ግን ሁልጊዜ ይረሳዋል።

ከዚያ መስከረም ወዲህ መድኃኒት የምረጨው ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ንቡ ሲገባ ነው። አስቀድሜ ወሰኑ ላይ ያለውን መች አጭደዋለሁ፤ የታጨደ አበባ ንብ አይጠራም። ከአንድ ቀን በፊት ሄጄ ለጋሼ እነግራለሁ፤ እሳቸውም በማግስቱ ጠዋት ቀፎው አፍ ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል አድርገው አረፋፍደው ይከፍቱላቸዋል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሁለቱ ጎረቤቶችም እንዲሁ ማድረግ ጀምረዋል።

የመጨረሻውን ክፍያ ይዤ የሄድኩት በጥር፣ ከጥምቀት ሳምንት በኋላ ነው። የተተኩት ንቦች በዚያን ጊዜ ገብተው ተረጋግተው ነበር። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ብሩን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። “ተወው” ያሉኝ እኚያው ሰው መነጽራቸውን አጠለቁና ብሩን አንድ በአንድ ቆጠሩት። ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ወረቀቱን ከመጽሐፋቸው መካከል አወጡና ከሥሩ “ተከፍሏል” ብለው ጻፉ።

“ልክ ነው” አሉኝ።